ዘንዶውን የገደለ ምን አገኘ?

የሰው ልጅ በአገር፣ በቋንቋና በሃይማኖት ተለያይቶ ሲኖር ተረቱ ግን እየዞረ አንድ መምሰሉ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያስደንቅ የኖረ ነገር ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ገበሬ ማታ በምድጃ ዳር ለልጆቹ የሚያወራው፣ ተራራ አይቶ የማያውቅ የደሴት ዓሣ አጥማጅ ለልጆቹ ከሚያወራው ጋራ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። ጭራቁ፣ የታሰረችው ልጃገረድ፣ ከሩቅ የመጣው እንግዳ፣ ምክር የምታውቀው አሮጊት፣ ገና በሕፃንነቱ በስለት የተሰጠው ልጅ፤ እነዚህ ሁሉ የይለፍ ወረቀት ሳይጠየቁ ድንበር የሚሻገሩ መንገደኞች ናቸው።

ይህ መመሳሰል ከምን እንደ መጣ ለማስረዳት ብዙዎች ደክመዋል። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የአገራችን መጻሕፍት ዓመታት ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይረዳ።) ስዊሳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ (1875–1961) በሰው ሁሉ ልቡና ውስጥ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ የጋራ ሥዕል አለ ብሎ አስተማረ፤ ይህንንም ሥዕል አርኪታይፕ አለው። እኛ ጥንተ አምሳል ብንለው ከአሳቡ የራቅን አይመስለኝም። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ፕሮፕ በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ 100 የሚያህሉ የአገሩን ተረቶች መርምሮ፣ ሰዎቹ ቢለዋወጡም ድርጊታቸው ከ31 እንደማይበልጥ አሳየ። አሜሪካዊው ጆሴፍ ካምቤል ደግሞ በ1949 ባወጣው መጽሐፍ የዓለምን የጀግና ታሪክ ሁሉ በሦስት ቃል ጠቀለለው፤ ይኸውም ከቤት መውጣት፣ በፈተና ማለፍና ይዞ መመለስ ነው።

የእነዚህ ሊቃውንት ድካም ጥቅም የለውም የሚል ቢኖር ሚዛን የጐደለው ሰው ነው። አንድ የገጠር ተማሪ የግሪክን ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ አስተርጓሚ ሳያስፈልገው የሚስቅበትን ስቆ የሚፈራበትን የሚፈራው ለምን እንደ ሆነ በመጠኑም ቢሆን ያስረዱናል። ይሁን እንጂ ትምህርታቸው ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ መማሪያ ክፍል ሲገባ ወደ ሰንጠረዥነት እየተለወጠ ሄዷል። ተማሪው ልብ ወለዱን ካነበበ በኋላ «ጀግናው ማን ነው? ረዳቱ ማን ነው? ጭራቁ ማን ነው?» የሚሉትን ሣጥኖች ሞልቶ ሲጨርስ ሂስ የጻፈ ይመስለዋል። ነገሩ ከሂስም አልፎ ወደ ድርሰት ገብቷል፤ በ1977 «ስታር ዎርስ» የተባለውን ፊልም የሠራው ጆርጅ ሉካስ ከካምቤል መጽሐፍ መማሩን ራሱ ተናግሯል፤ ከእርሱም ወዲህ መጽሐፉን እንደ ምግብ ማብሰያ መመሪያ ይዘው የሚጽፉ በዝተዋል።

አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። የጥንተ አምሳልን ትምህርት አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰውም በየልጡ ውስጥ እባብ ማየት ይጀምራል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እንግዲህ አጭር ነው። ሁለት ተረቶች መመሳሰላቸውን ማሳየት የሂስ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ቅርጹ የሰው ሁሉ ነው፤ አንድ ሕዝብ ወይም አንድ ደራሲ የራሱን ቃል የሚናገረው ግን ቅርጹን ባጣመመበት ቦታ ላይ ነው። ይህንም በዘንዶው ተረት ላይ እንመልከት።

በአገራችን ጥንታዊ ትውፊት ከነገሥታቱ ሁሉ በፊት የነገሠው አርዌ የተባለ ዘንዶ ነው። አርዌ በግእዝ አውሬ ማለት ሲሆን፣ እባብም አርዌ ምድር ይባላል። በአንዳንድ የነገሥታት ዝርዝር ይህ ዘንዶ 400 ዓመት እንደ ገዛ ተጽፎ ይገኛል። ሕዝቡም ከብቱንና ልጃገረዶቹን እየገበረ ሲኖር አንጋቦ የሚባል ሰው መጣ። «ይህን ዘንዶ ብገድልላችሁ ምን ትሰጡኛላችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሕዝቡም «እናነግሥሃለን» አሉት። አንጋቦም ጦር አላነሣም፤ ፍየል መርዝ አብልቶ ለዘንዶው አቀረበለት፤ ዘንዶውም በልቶ ሞተ፤ አንጋቦም ነገሠ።

ይህን ተረት በሰንጠረዥ የሚያነብ ሰው ወዲያውኑ ዘመዶቹን ይጠራል። በባቢሎን የሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈው የፍጥረት ታሪክ ማርዱክ የተባለው አምላክ ቲያማትን እንደ ገደለ ይናገራል። የግሪኩ ፔርሴዎስ በባሕር ዳር ከአለት ጋራ የታሰረችውን አንድሮሜዳን ከባሕር አውሬ አድኗል፤ ግሪኮቹም ይህችን ልጅ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት ይሏታል፤ ምንም እንኳ የእነርሱ «ኢትዮጵያ» ዛሬ በካርታ ከምናውቃት ጋራ ሁልጊዜ አንድ ባትሆን። ቅዱስ ጊዮርጊስም ዘንዶውን ሲወጋ፣ በእኛ ሠዓልያን ሥዕል ብሩታዊት የምትባለው ልጃገረድ ዛፍ ላይ ሆና ትታያለች። «እነሆ፣ ሁሉም አንድ ነው» ብሎ መጽሐፉን ማጠፍ ይቻላል።

እኛ ግን መጽሐፉን ሳናጥፍ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ዘንዶውን የገደለው ምን ጠየቀ? ምንስ አገኘ? በዚህ ጊዜ አንድ መስለው የታዩን ዘመዶች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ማርዱክ ከመዋጋቱ በፊት የአማልክቱ ጉባኤ የበላይነቱን እንዲያጸድቅለት ጠየቀ፤ ከድሉም በኋላ የሬሳዋን ግማሽ ሰማይ አድርጎ ዘረጋው። ስለዚህ በባቢሎን ዘንዶ መግደል ዓለምን መሥራት ነው። ፔርሴዎስ ልጅቱን ለሚስትነት ጠየቀ፤ በግሪክ ነገሩ በሠርግ አለቀ። ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ በተጻፈው ታሪክ እንደሚነገረው፣ ሕዝቡ አምኖ እንዲጠመቅ ጠየቀ፤ ንጉሡ ያቀረበለትንም ገንዘብ ለድኆች አሰጠ። አንጋቦ የጠየቀው ግን ዙፋን ነው፤ የሚሰጡትም አማልክት ሳይሆኑ ሕዝቡ ናቸው። የእኛ ተረት ስለ ፍጥረትም ስለ ሠርግም አይደለም፤ ስለ መንግሥት ነው። ተረቱ በውልና በግብር ተጀምሮ በሹመት ይፈጸማል።

ከአንጋቦ ጋራ ሊነጻጸር የሚገባው ሌላ ሰው በመጽሐፍ ቅዱሳችን ከዳንኤል ጋራ በሚነበበው ክፍል ውስጥ ይገኛል። ባቢሎናውያን የሚያመልኩት ዘንዶ ነበር፤ ዳንኤልም «ያለ ሰይፍና ያለ በትር እገድለዋለሁ» ብሎ ንጉሡን አስፈቀደ፤ ዝፍት፣ ስብና ጠጕር አብስሎ አጐረሰው፤ ዘንዶውም ተሰንጥቆ ሞተ። በማብላት መግደሉ ከአንጋቦ ጋራ ፍጹም አንድ ነው፤ የአንጋቦ ተረት ከዚህ መጽሐፍ ቀድቶ እንደ ሆነም ማሰብ ይቻላል፤ ካህናቱ የሚያነቡት፣ ሕዝቡም የሚሰማው መጽሐፍ ነውና። ነገር ግን ዳንኤል ምን አገኘ? የአንበሶች ጕድጓድ! ዘንዶውን በመግደሉ የተቈጣው ያው ሕዝብ ነው ወደ ጕድጓድ ያስጣለው። ባቢሎናውያን ዘንዶውን ይወዱት ነበር፤ የአክሱም ሰዎች ግን ይፈሩት ነበር። አንድ ዓይነት ዘዴ፣ አንድ ዓይነት ሞት፣ ዋጋው ግን አንዱን ከዙፋን፣ አንዱን ከጕድጓድ ያደርሳል። ሰንጠረዡ «ጀግናው ጭራቁን በብልኀት ገደለ» ብሎ ሁለቱን በአንድ ሣጥን ቢከታቸው የታሪኩ ነፍስ ከሣጥኑ ውጭ ቀርታለች ማለት ነው።

በማብላት መግደል የሚለው ነገር ራሱ ትንሽ ሊያቆመን ይገባል። በአንጋቦ ተረት ዘንዶውን የገደለው በየጊዜው የሚቀርብለት ግብር ነው። የገባሪው ፍየል መርዝ ሆነ። ተራኪው ይህን ሲናገር «በግብር የሚኖር በግብር ይሞታል» ብሎ አልሰበከም፤ ግን ከዚህ የበለጠ ስብከት የለም። የግሪኩ ጀግና ሰይፍ ይዞ መጣ፤ የእኛው ጀግና ዘንዶው የለመደውን ምግብ ይዞ መጣ። ባላባቱንና ሹሙን ለብዙ ዘመን ሲያበላ የኖረ ገበሬ ይህን ክፍል ሲሰማ ፈገግ ሳይል የሚያልፍ አይመስለኝም።

የአንጋቦ ተረት በዚሁ ብቻ ቢቀር ኖሮ የአገራችን ድምፅ አንድ ነው ባልን ነበር። ነገር ግን ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 ያሳተመው የአክሱም አካባቢ ትውፊት ታሪኩን በሌላ መንገድ ይነግረዋል። በዚህ ትውፊት ለዘንዶው የተሰጠችው ልጅ እቴዬ አዜብ ትባላለች። ከዛፍ ጋራ ታስራ ስትጠብቅ ቅዱሳን መጥተው ከዛፉ ጥላ ሥር ዐረፉ፤ ጉዳይዋንም ሰምተው ዘንዶውን በመስቀል ገደሉት። የደሙ ጠብታ ግን በእግሯ ላይ ወድቆ ተረከዟን የአህያ ተረከዝ አደረገው። ሕዝቡም ያነገሡት እርሷን ነው። ከዚያ በኋላ እግሯን ለመፈወስ ወደ ሰሎሞን ሄደች፤ የሄደችውም እንደ ወንድ ለብሳና ሰይፍ ታጥቃ ነው።

የታሪክ ተማሪ ይህን ሲያነብ መሣቁ አይቀርም። መስቀል የያዙ ቅዱሳን ከንጉሥ ሰሎሞን በፊት በአክሱም ምን ይሠራሉ? ዘመኑ ተቃውሷል፤ እውነት ነው። ሐያሲ ግን በስሕተቱ አይስቅም፤ ስሕተቱ ምን እንደሚል ያዳምጣል። የአክሱም ሰዎች መስቀሉን ከመንግሥታቸው ሥር አውርደው ተከሉት፤ ከሰሎሞን በፊት እኛን ያዳነን ይህ ነው ማለታቸው ነው። ከዚህም በላይ የገዳዮቹን ዋጋ እንይ፤ ቅዱሳኑ ምንም አልጠየቁም። ዙፋኑ የደረሰው ለገዳይ ሳይሆን ለዳነችው ነው። የዳነችውም ሙሉ ሆና አልዳነችም፤ ከዘንዶው አንድ ነገር በእግሯ ይዛ ቀርታለች። ክብረ ነገሥት ንግሥቲቱን ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዳት የነጋዴውን የታምሪንን ወሬ አሰምቶ፣ በጥበብ ፍቅር ነው፤ የሕዝቡ ትውፊት ግን በሕመም ወሰዳት። ሊቁ «ጥበብ ፈለገች» አለ፤ ባላገሩ «እግሯ ታሞ ነው» አለ። ሁለቱም አንዲትን ሴት ይናገራሉ፤ እየራሳቸው ግን የሚያምኑበትን ይናገራሉ። በካምቤል ሰንጠረዥ ግን የታሰረች ልጃገረድ ጀግናው የሚያገኛት ሽልማት ስለ ሆነች፣ እቴዬ አዜብ ከዛፉ ተፈታ ሰይፍ ስትታጠቅ የሚያስቀምጣት ሣጥን ያጣል።

ዘንዶው ራሱም ቢሆን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የወጡት ዘንዶ ተሸክሟቸው እንደ ሆነ ገድላቸው ይናገራል። ያ በአክሱም የሰው ልጅ ይበላ የነበረው ፍጥረት በደብረ ዳሞ መሰላል ሆነ። ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚወጡ ወንዶች በጠፍር ገመድ ይወጣሉ፤ ተሳላሚውም ገመዱን ሲጨብጥ ያን ዘንዶ ያስባል። እዚህ ላይ ለሐያሲ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገድል በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ለጸሎት እንጂ ለጨዋታ አይደለም፤ ለሚያምነው ሰው ዘንዶው «ምልክት» ብቻ አይደለም። «ይህ እኮ የጋራ ሕሊና ሥዕል ነው» ብሎ ምእመኑን ማረም የሐያሲ ሥራ አይደለም፤ ዩንግም ቢሆን ሃይማኖትን እንደ ተራ ነገር አላቃለለም። ሐያሲው ሊል የሚችለውና ሊልም የሚገባው ይህን ነው፤ አንዱ ሕዝብ ያንኑ ፍጥረት በአንድ ቦታ በመርዝ፣ በአንድ ቦታ በመስቀል ሲገድለው፣ በሦስተኛው ቦታ ግን ሳይገድል አዘዘው። መግደልና ማዘዝ አንድ አይደለም።

አሁን ከጥንቱ ትውፊት ወደ ዘመናዊው ልብ ወለዳችን እንለፍ፤ የጥንተ አምሳል ትምህርት ጥቅሙም ጕዳቱም ጐልቶ የሚታየው እዚያ ነውና። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ በአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ ያለውን ቦታ ለመናገር ቃል ማባከን አያሻም። ሰንጠረዥ የያዘ ተማሪ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዘንዶውን በቀላሉ ያገኘዋል። ከልማድ ውጭ ተጨማሪ ግብር የሚጠይቁት ፊታውራሪ መሸሻ አርዌ ናቸው። የሚመጥናት ባል በዘር ጠፍቶ በአባቷ ቤት የተዘጋባት ሰብለ ወንጌል የታሰረችው ልጃገረድ ናት። ከሩቅ የመጣው ድኻ የቤተ ክህነት ተማሪ በዛብህ ደግሞ አንጋቦ ነው። በዛብህ ገና በሕፃንነቱ እናቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጠችው መሆኑ ሲጨመር፣ የሐናን ልጅ ሳሙኤልን የሚያስታውስ ሌላ ጥንተ አምሳል ይገኛል። ሣጥኖቹ ሁሉ ሞሉ።

ነገር ግን የቀደመውን ጥያቄ እንመልሰው። ዘንዶውን የገደለ ምን አገኘ? በዚህ መጽሐፍ ፊታውራሪ መሸሻን የተዋጋቸው በዛብህ አይደለም። የተዋጓቸውና የማረኳቸው አበጀ በለው የመራቸው ባላገሮች ናቸው። ባላገሮቹ ሲያሸንፉ የጠየቁት ዙፋን አይደለም፤ ልጃገረዲቱንም አይደለም፤ ከልማድ ውጭ እንዳይገብሩ ብቻ ነው። ድላቸውም ሰብለን ነጻ አላወጣትም። የሚያሸንፉት አይወዷትም፤ የሚወዳት አያሸንፍም። በጥንቱ ተረት በአንድ ሰው እጅ የነበረውን ሰይፍና ፍቅር ሐዲስ ዓለማየሁ ለሁለት ከፈሉት፤ ሁለቱም ግማሾች መንገድ ላይ ተላለፉ።

ሦስተኛም ክፍል አለ። በቤተ ዘመዱ «ጉዱ ካሣ» ተብሎ እንደ እብድ የሚቈጠረው ካሣ ዳምጤ የሥርዐቱን ብልሽት ከሁሉ አስቀድሞ አይቷል። በተረት ሕግ ቢሆን እርሱ ምክር ሰጪው ሽማግሌ ነው፤ ምክሩም ለጀግናው ሰይፍ ይሆነው ነበር። በመጽሐፉ ግን እውነቱን የሚያውቀው ሰው የሚሰማው አጥቷል። ጕልበት ለአበጀ፣ ፍቅር ለበዛብህ፣ ዕውቀት ለጉዱ ካሣ ተሰጠ፤ አንዱም ሦስቱን አልያዘም። ዘንዶ የሚገድል ጀግና ማለት እነዚህ ሦስቱ የተገናኙበት ሰው ነው። ደራሲው «በዚህ ማኅበር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሊገኝ አይችልም» ብለው በድርሰታቸው አቋም ነገሩን እንጂ በስብከት አልነገሩንም።

ሰብለስ? እንደ እቴዬ አዜብ አዳኝ ተቀምጣ አልጠበቀችም። የመነኵሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ወጥታ በእግሯ ሄደች። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ በታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ በጕዞ ተንከራትታ፣ በመጨረሻ ንጉሥ አግብታ ንግሥት ሆናለች። እቴዬ አዜብ ከሰሎሞን ዘንድ ስትደርስ እግሯ ተፈወሰ። ሰብለ ግን የደረሰችው በዛብህ ሊሞት ካለበት አልጋ አጠገብ ነው። ልብስ ለውጣ በመንገድ የምትሄድ ሴት ጥንተ አምሳል ናት፤ በሦስቱም አለች። ነገር ግን ለመጀመሪያዪቱ ፈውስ፣ ለሁለተኛዪቱ ዘውድ፣ ለሦስተኛዪቱ መቃብር ተሰጣት። በጦቢያና በሰብለ መካከል ያለው የ58 ዓመት ርቀት በዚህ ለውጥ ይለካል። የመጀመሪያው ደራሲ ተረቱን አምኖ ጻፈው፤ ሁለተኛው ተረቱን አክብሮ፣ አንባቢው እስከ መጨረሻ ተስፋ እንዲያደርግ አድርጎ፣ በመጨረሻ ተስፋውን ነሣው። አንባቢ የሚያለቅሰው የጥንቱ ተረት በልቡ ስላለ ነው፤ ዘንዶው ተገድሎ ሠርጉ እንዲሆን ልቡ ይጠብቃልና። ጥንተ አምሳል ለደራሲ የሚጠቅመው እንዲህ ነው፤ እንደ ዕዳ በአንባቢው ልብ ተቀምጦ ይቈያል፤ ደራሲው ይከፍለዋል ወይም ይከለክለዋል።

ከዚህም ሌላ የአንጋቦ ተረት የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። አንጋቦ ነገሠ፤ ተረቱም አለቀ። ከነገሠ በኋላ ሕዝቡ ለእርሱ ምን ገበረ? ተረቱ ዝም ይላል። ዘንዶ ገዳይ ሁሉ ሲነግሥ ሕዝብ ይደሰታል፤ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ግን ተረት አይጽፈውም፤ ይህ የልብ ወለድና የታሪክ ዕዳ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመ ከ9 ዓመት በኋላ በ1967 ዓ.ም. የዘውዱ ሥርዐት ወደቀ፤ ብዙ ሰውም ዘንዶው ሞተ ብሎ አጨበጨበ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየው ትውልድ ያውቀዋል። ደራሲው ትንቢት ተናገሩ ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ድል ብቻውን ሰብለን እንደማይፈታ የጻፈ ሰው፣ ከተራኪው አንድ እርምጃ አልፎ አስቧል ለማለት እደፍራለሁ። ተረት ለአንድ ሕዝብ ተስፋን ሲሰጥ መልካም ነው፤ ሕዝቡ አዳኙን በመጠበቅ ብቻ እንዲቀመጥ ሲያስለምደው ግን ያው ተረት ልጓም ይሆናል። ሐያሲ ይህን ለይቶ ካላሳየ ማን ያሳያል?

እንግዲህ ለመምህራን የምናቀርበው አሳብ ከባድ አይደለም። ሰንጠረዡን አትጣሉት፤ ለመጀመሪያው ሰዓት ይጠቅማል። በሁለተኛው ሰዓት ግን ተማሪው ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። ገዳዩ አስቀድሞ ምን ጠየቀ? የገደለበት መሣሪያ ምን ነበር? ድሉስ በመጨረሻ ለማን ደረሰ? ተማሪው እነዚህን መልሶ ሁለት ታሪኮችን ጐን ለጐን ሲያይ፣ ልዩነቱን ለመናገር የራሱን ቃል መፈለግ ይገደዳል፤ የራሱን ቃል የፈለገ ዕለት ሂስ ጀመረ። የገጠር ተማሪ ከሆነማ ከአያቱ የሰማውን ተረት ጽፎ እንዲያመጣ ይታዘዝ፤ በየአውራጃው የዘንዶው አሟሟት ይለያያልና፣ ልዩነቱን የሚያውቁት ሽማግሎች ሳያልፉ መመዝገቡ ለአገር ሀብት ነው።

ለወጣት ደራስያንም እንዲሁ። የጀግናን ጕዞ በደረጃ በደረጃ የሚያስተምር መጽሐፍ ሞልቷል፤ ደረጃውን ሁሉ ጠብቆ የሚጻፍ ድርሰት ግን ከወጣበት ሳምንት የሚያልፍ አይደለም። ዘንዶው፣ ዛፉና ልጃገረዲቱ ከአባቶቻችን የተረከብናቸው ናቸው፤ ማንም አይከለክለንም። ጥንተ አምሳል የጋራ መሬት ነው፤ በላዩ የሚበቅለው እህል ግን እንደ አራሹ ነው። አራሹም የሚመሰገነው መሬቱ የጋራ በመሆኑ ሳይሆን ባፈራው ፍሬ ነው።